የጥልፉ ጀርባ

እናቴ የሰው ጥልፍ ስታይ አስቀድማ ፊቱን አታይም ነበር። ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። ጎረቤት የትራስ ልብስ ይዛ «እስኪ እዪልኝ» ብላ ስትመጣ፣ «እጅሽ ይባረክ» ከማለቷ በፊት ጨርቁን ትገለብጠዋለች። ከፊት አበባ የነበረው ከኋላ የተቋጠረና ከጥግ እስከ ጥግ የተንዘላዘለ ክር ሆኖ ሲገኝ ምንም አትናገርም፤ አጣጥፋ ትመልሳለች። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ጀርባውን ማን ያየዋል ብላ ነው» ትለኛለች። ከዚያ በላይ ሐሜት ከአፏ አይወጣም።

እናቴ የኮቶኒ ሠራተኛ ነበረች። የድሬዳዋ ልጅ ኮቶኒ ሲባል ሌላ ማብራሪያ አይሻም፤ ለሌላው አንባቢ ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማለቴ እንደሆነ ልንገር። ቀኑን ሙሉ በመፍተያው ክፍል ቆማ ስትውል የጥጥ ብናኝ ፀጉሯ ላይ ይሰፍርባታል። ሕፃን ሳለሁ ጠዋት የምትሄደው እናቴ ወጣት፣ ማታ የምትመጣው ደግሞ አሮጊት ትመስለኝ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆማ ነጠላዋንና ፀጉሯን ስታራግፍ እርጅናዋም አብሮ ይራገፋል።

መስቀልኛ ጥልፍን የተማረችው ግን ከፋብሪካው አልነበረም። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ ተሰባስቦ የኖረባት ከተማ ናት። እናቴም በልጅነቷ አንዲት አርመናዊት ወይዘሮ ቤት ትላላክ ነበር። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ የከተማውን ሰው ሁሉ ሲያስተኛ፣ እንቅልፍ የማይወስዳት ያች ወይዘሮ ትንሿን ልጅ አጠገቧ አስቀምጣ መርፌ ታስይዛት ነበር።

አሠራሩ ሲናገሩት ቀላል ነው። ድርና ማጉ ተለይቶ ሊቆጠር የሚችል ጨርቅ ይመረጣል። መርፌው ከታች በግራ ወጥቶ ከላይ በቀኝ ይገባል፤ ቀጥሎ ከታች በቀኝ ወጥቶ ከላይ በግራ ይገባል። አንዲት ትንሽ መስቀል ተሠራች ማለት ነው። ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ ሺኛዋ። አንዳንዶች እያንዳንዷን መስቀል ጨርሰው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። እናቴ ግን ረድፉን ሙሉ በግማሽ መስቀል ሄዳበት፣ ሲመለስ በላዩ ላይ ታቋርጠዋለች፤ እንዲህ ሲሆን ጀርባው ቀጥ ያሉ አጫጭር መስመሮች ብቻ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ የማይጣስ አንድ ሕግ አለ፤ ከላይ የሚያርፈው እግር በሁሉም መስቀሎች ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበል አለበት። አንዷ ብቻ ወደ ሌላ ወገን ካዘነበለች፣ ብርሃን ሲያርፍባት ከእኅቶቿ ተለይታ ትታያለች።

እናቴ ለዓመታት የሠራችው አንድ የጠረጴዛ ልብስ ነበር። ነጭ ጨርቅ ነው፤ በአራቱም ማዕዘን አንዳንድ ቀይ ሮማን። ሮማኑ የአርመናዊቷ ወይዘሮ ንድፍ ነው። ክሩ ደግሞ የፈረንሳይ፤ በ1746 እ.ኤ.አ. ሙሉዝ በተባለች ከተማ የተመሠረተው የዲ.ኤም.ሲ. ክር። እያንዳንዱ እስር 8 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ ክሩ ራሱ ስድስት ቀጫጭን ክሮች በአንድነት የተያዙበት ነው፤ ሠሪዋ እንደ ጨርቁ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ነጥላ ትሰፋለች። ቀለሙ በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠራል። የእናቴ ቀይ 321 ነበር። «ሦስት መቶ ሃያ አንድ» ስትል የዘመድ ስም የምትጠራ ትመስል ነበር።

ሦስቱ ሮማኖች አለቁ። አራተኛው እኩሌታው ላይ ሳለ ዓይኗ ከዳት። መጀመሪያ መብራቱን ወቀሰች፤ ቀጥሎ መርፌውን፤ በመጨረሻ ሐኪሙ ግላኮማ መሆኑን፣ የጠፋው ብርሃንም እንደማይመለስ ነገረን። ጨርቁን አጣጥፋ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረችው፤ ክሮቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ ከአልጋው ሥር ከተተችው።

ከዚያም ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ደቻቱ ሞላ። ያችን ሌሊት የድሬዳዋ ሰው አይረሳትም፤ ከ200 በላይ ሰው ያለቀባት ሌሊት ናት። እኛ ነፍሳችን ተረፈ። ውሃው ከአልጋው ሥር የነበረውን ሁሉ ጠራርጎ ሲሄድ ቆርቆሮውን ከነክሩ ወሰደው፤ ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረው ጨርቅ ግን ቀረ። እናቴ ስለ ክሩ አንድ ቀን እንኳ አላነሣችም። ጎረቤት ልጁን በቀበረበት ሰፈር ስለ ክር ማውራት ነውር ነበር። እኔ ግን አንድ ምሽት፣ ምን እንደነካኝ ሳላውቅ፣ «እማዬ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ፤ ለሁለት ሺው ዓመት ጠረጴዛችን ላይ ይነጠፋል» አልኋት። ዝም ብላ ቆይታ፣ «መርፌ ይዘሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ትምህርት ይሻለኛል ብዬ ሸሽቼው ያደግሁ ልጅ ነኝ። በአማርኛችን ውል ማለት የክር መነሻ ጫፍ ነው፤ ውል ማለት ቃል ኪዳንም ነው። እኔ ሁለተኛውን የገባሁት የመጀመሪያውን መያዝ ሳልችል ነበር።

በመስከረም 1999 ዓ.ም. ቢዮ አዋሌ ለማስተማር ተመደብሁ። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት፤ ድንጋይ የበዛባት፣ ማሽላ በእርከን ላይ የሚበቅልባት፣ ፍየል ከሰው ቀድማ የምትነቃባት አገር። ሰኞ ማለዳ እሄዳለሁ፤ ዓርብ ማታ ወደ እናቴ እመለሳለሁ። ያደርሁባቸው እናት ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ተድረው የወጡላቸው የኦሮሞ ሴት ነበሩ። እኔ «አዴ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸው «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የእኔ የከተማ ኦሮምኛና የእርሳቸው የገበያ አማርኛ መሐል መንገድ ላይ እየተገናኙ ተግባባን።

አዴ ስፌት ይሰፋሉ። ሣሩን እያረጠቡ፣ በወስፌ እየበሱ፣ በአለላ እየጠቀለሉ ሌማቱን ከመሐሉ ጀምረው ያሽከረክሩታል። አማርኛ ልብስ የሚሰፋውንም ሌማት የሚሰፋውንም በአንድ ቃል «ሰፋ» እንደሚለው የታወቀኝ እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። በንድፍ የሚሠሩት አልነበረም። ቀዩ አለላ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያቆም ያገኙት በቁጥር ነው፤ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር» እያሉ ከንፈራቸው ሳይከፈት ይቆጥራሉ። አስቡት፤ የቀሚሳችን ጥልፍ አብዛኛውን ጊዜ በጨርቁ ላይ የተነደፈውን መስመር ይከተላል። መስቀልኛ ጥልፍ ግን መስመር የለውም፤ ያለው ቁጥር ነው። ስለዚህም ከጠላፊዋ ይልቅ ጥበብ ለማውጣት ድሩን እየቆጠረ ለሚያነሣው ሸማኔና ሌማት ለሚሰፉት ለአዴ የቀረበ ዘመድ ነው። አስተማሪዬን ያለቦታዋ ስፈልግ ከርሜ አጠገቧ ተቀምጬ ተገኘሁ።

የእናቴን ጨርቅ ለመንካት ድፍረቱ አልነበረኝም። መለማመጃ ያገኘሁት ከጆንያ ነው። የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ጆንያ ድሩና ማጉ እንደ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ነው፤ ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ ይቆጥረዋል። ባሕር ማዶ ለዚህ ጥልፍ ተብሎ የሚሸመን «አይዳ» የሚባል ጨርቅ አለ፤ ስሙ ቬርዲ በ1871 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ባበቃው ኦፔራ ውስጥ ካለችው ኢትዮጵያዊት ልዕልት ስም ጋር አንድ ነው። እኔና አዴ ግን የነበረን ጆንያ ብቻ ነው። በላዩ ላይ የታተመው የባዕድ ፊደል ተገልብጦ እየታየኝ፣ በ«ኤ» እና በ«ኤስ» ላይ የመጀመሪያዎቹን መስቀሎች ሰፋሁ።

ክር ደግሞ ያገኘነው ሁሉ ክር ሆነ። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ ነበረው፤ እያንዳንዱም ሌላ ትዕግሥት ጠየቀኝ። ያረጀ ሹራብ ተርትረን ያገኘነው ክር እንደ ሕፃን ፀጉር ተጠቅልሎ አልታዘዝ አለ፤ አጥበን፣ ድንጋይ አንጠልጥለንበት፣ አድሮ ሲደርቅ ተዘረጋ። ከጆንያው ጠርዝ የመዘዝነው የፕላስቲክ ክር ያንሸራትታል፤ ቋጠሮ አይዝም፤ ቋጥሬ ስዞር ተፈትቶ ይጠብቀኛል። መጨረሻውን ሳይቋጥሩ በጀርባው ባሉት ስፌቶች ሥር አሳልፎ መቅበር እንደሚያሻ ያስተማረኝ እርሱ ነው። ቃጫ ጣት ይቆርጣል፤ ውሃ ካልጠጣ አይለዝብም። ከገበያ ያመጣሁት የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፍራም ሌላ ቦታ ቀጭን ሆኖ፣ ቀጭኑ ጋ ሲደርስ ይበጠሳል፤ ሰም ሲቀቡት ይጠናል። ወርቀዘቦው ሁሉንም አስከነዳ። ሁለት ሦስት ጊዜ ጨርቁን ካለፈ ብልጭልጩ ከውስጡ ክር እየተላጠ ይጎለጎላል፤ ከአንድ ስንዝር በላይ ቆርጦ መስፋት ሞኝነት ነው። በክንድ ሙሉ ክር የምሰፋ ሆኜ ሳለ በስንዝር መስፋት ተማርሁ።

አንድ ማታ በፋኖስ ብርሃን ትንሽ ሮማን ጆንያው ላይ ስሠራ፣ ጎኑ ተንጋደደብኝ። ቆጥሬ ባየው አምስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት መስቀል አስበልጫለሁ። አሁን አሥራ ስድስተኛው ላይ ነኝ። በወዲያኛው በኩል አንድ ቀንሼ ላካክሰው ጀመርሁ። አዴ እጄን ያያሉ ብዬ አልጠረጠርሁም። ጆንያውን ከጉልበቴ ላይ አነሡት፤ በወስፌያቸው ጫፍ ክሩን ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ አድርገው እስከ አምስተኛው ረድፍ ፈቱትና መለሱልኝ። አልተቆጡም። «ሌማቱ ላይ ይህን ብታደርጊ ክዳኑ አይገጥምም» ነው ያሉኝ። አለቀስሁ። የአሥራ አንድ ረድፍ ልፋት ነበር። እርሳቸው ግን አለላቸውን አረጠቡና መቁጠራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ምሽት በኋላ ስቆጥር በአማርኛ መቁጠር ተውሁ፤ በኦሮምኛ ስቆጥር አልስትም። ምክንያቱን አላውቀውም፤ ምናልባት ባዕድ ቋንቋ ላይ ሰው አይዘናጋም ይሆናል።

በፋሲካ ገደማ እጄ ተፈታ። የቀረኝ ቀዩ ክር ነው። ቀፊራን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞርሁ፤ ታይዋን የሚባለውን ገበያ ዞርሁ። 321 ብዬ ቁጥር ስጠራ ነጋዴው የስልክ ቁጥር የነገርሁት ይመስል ያየኝ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ሱቅ ውስጥ ወረቀት የሌለው፣ ቁጥር የሌለው፣ ግን ቁርጥ የእናቴን ቀይ የሚመስል ክር አገኘሁ። ከጨርቁ ጋር አስተያየሁት፤ ልዩነት አልነበረውም። የነበረውን ሁሉ ገዛሁ።

ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ትምህርት ሲዘጋም ሥራው ቤት ድረስ ተከተለኝ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ የመርፌውን ድምፅ ትሰማለች፤ ክሩ ጨርቁን ሲያልፍ የሚያሰማውን ያን ሹክሹክታ። «አሁን ክርሽ ረዝሟል» ትለኛለች፤ እውነትም ረዝሞ ይገኛል። ጳጉሜ 3 ቀን የመጨረሻዋን መስቀል ሰፋሁ፤ መጨረሻውንም ከጀርባ በስፌቶቹ ሥር ቀበርሁ። ጀርባው እንደ እናቴ ጀርባ ቀጥ ያለ ነበር።

እዚህ ላይ፣ ውድ አንባቢዬ፣ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን ጨርቁ ዓመታት ያስቆጠረ አቧራ ነበረበት። እናቴ የፈረንሳዩን ክር ሳትሳሳ በፈላ ውሃ ስታጥብ እያየሁ አድጌአለሁ። እኔም አፈላሁ፤ ሳሙና ጨመርሁ፤ ጨርቁን ነከርሁ። ውሃው እንደ ደም ቀላ።

ሦስቱ የእናቴ ሮማኖች እንደነበሩ ናቸው። የአራተኛውም የእርሷ እኩሌታ አልተነካም። የእኔ እኩሌታ ግን ቀለሙን ለቆ ነጩን ጨርቅ እስከ ጠርዙ ድረስ ተከትሎታል። በቀዝቃዛ ውሃ አሸሁት፤ በጨው አሸሁት። በመጨረሻ በድንጋጤ በረኪና አነሣሁ። እድፉ ከቀይ ወደ ሐምራዊ ሮዝ ከመቀየሩ በቀር አልሄደም። ጓሮ አሰጥቼው ቆሜ ሳየው አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። እናቴ አታየውም። ያንን ማዕዘን ወደ ግድግዳው ካዞርሁት እንግዳም አያየውም። ዝም ካልሁ፣ በእናቴ ልብ ውስጥ አራቱ ሮማኖች በነጭ ጨርቅ ላይ እንዳማሩ ይኖራሉ። ይህ ሐሰት ነው ወይስ ምሕረት ብዬ ራሴን ስጠይቅ አደርሁ፤ መልሱ ግን ከእናቴ ይልቅ እኔን የሚያሳርፍ መሆኑን ልቤ ያውቀው ነበር።

በዕንቁጣጣሽ ማለዳ፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ጨርቁን አነጠፍሁ፤ አራተኛውን ማዕዘን ወደ ግድግዳው። ከተማው በሚሌኒየሙ ዘፈን ይናወጣል። እናቴ ቄጠማውን እየረገጠች መጣችና ጠረጴዛውን በእጇ ፈለገችው። ከመጀመሪያው ሮማን ጀመረች። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ከዚያም ጠረጴዛውን ዞራ፣ በግድግዳውና በጠረጴዛው መሐል እጇን አስገብታ አራተኛውን ያዘች። ጣቶቿ ከእርሷ እኩሌታ ወደ እኔ እኩሌታ ሲሻገሩ ቆሙ። ተመለሱ። እንደገና ተሻገሩ።

«እዚህ ጋ የላይኛው እግር ዞሯል» አለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። የእኔ መስቀሎች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ፤ ነገር ግን ወደ ቀኝ። የእርሷ ወደ ግራ ነበር። ጆንያ ላይ ብቻዬን ስለማመድ እጄ እንደመጣለት ሄዶ፣ ከራሴ ጋር እንጂ ከእርሷ ጋር አስተያይቼው አላውቅም። በአንድ ሮማን ውስጥ ሁለት ሰው እንደሰፋው ለጣት ይታወቅ ነበር። «አላየሁም ነበር እማዬ» አልሁ። «በፋኖስ ስትሠሪ የት ታዪዋለሽ» አለች። ዝም አልን። ከዚያም ጣቷን ከሮማኑ ሳታነሣ፣ «ቀለሙስ የት ድረስ ሄደ?» አለችኝ።

ጉልበቴ ከዳኝ።

«በረኪናው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቤቱን ሞልቶታል» አለች። «ስንት ዓመት ጥጥና ማቅለሚያ መሐል ቆሜ የኖርሁ ሴት፣ ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬም ታመመ አሉሽ? የማታውቂውን ክር ከመስፋትሽ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸት አድርገሽ ማየት ነበረብሽ። ማን ይንገርሽ፤ እኔም አልነገርሁሽም።»

ነገርኋት። እድፉ ከሮማኑ ተነሥቶ እስከ ጠርዙ እንደሆነ፣ ከአንድ ስንዝር እንደሚረዝም፣ ቀለሙ ምን እንደሚመስል፣ ማዕዘኑንም ለምን ወደ ግድግዳው እንዳዞርሁት ሳይቀር ነገርኋት። ትሰማለች። ስጨርስ የጠበቅሁት ኀዘን ወይም ቁጣ ነበር። እርሷ ግን ፈገግ አለች።

«ሮማን አይደለም እንዴ? ሮማን የተሰነጠቀበትን ነጭ ጨርቅ ማን አጥቦ ያውቃል» አለች። «ያች አርመን እመቤቴ በፍሬው ጭማቂ ስንት ቀሚስ አበላሽታብኛለች።»

ከዚያ ፈገግታዋን ሰበሰበች። «እድፉ ይቅር። እግሩን ግን ፍቺው። ሁለት ዓይነት አይሆንም።»

እንግዶች መጥተው ከሄዱ በኋላ፣ ሰፈሩ ገና ሳይተኛ፣ ጨርቁን ከጠረጴዛው አንሥቼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። መቀሱን ሳይሆን የመርፌዬን ደነዝ ጫፍ ተጠቀምሁ፤ አዴ በወስፌያቸው እንዳደረጉት፤ ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ። የአራት ወር ሥራ ነበር፤ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ግን አላለቀስሁም። እናቴ ከአጠገቤ ተቀምጣ ከጨርቁ የሚወጣውን ክር እየተቀበለች ጣቷ ላይ ትጠቀልለው ነበር። ያ ክር ዳግመኛ እንደማይሰፋበት ሁለታችንም እናውቃለን። ስትጠቀልል ግን ከንፈሯ ሳይከፈት ስትቆጥር አየኋት፤ እኔም በበኩሌ ቀጠልሁ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ።